የተረሳችው ዘለላ

ቤኔቬንቱም ውስጥ ኮስሚስን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ መላጣ ነው፣ ወይ ትናንት የገባ መንገደኛ ነው። እኔ ሚዶ ሠሪው ጋቪየስ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር አንድ ግድግዳ ተካፍያለሁ። ከገበያው ጀርባ፣ በግራ በኩል የእኔ የሚዶና የወለባ መሥሪያ፣ በቀኝ በኩል የእሷ ጠጉር ቤት። ግድግዳው ሳንቃ ስለሆነ ስትዘፍን እሰማታለሁ። ድምፅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ መዝፈን ግን ታበዛለች። የተቃጠለ ጠጉር ሽታም ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይመጣል። ስቆጣት፣

«አንተ ቀኑን ሙሉ የበሬ አጥንት ስትሞርድ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸት መሰለህ?» ትለኛለች።

መልስ አታጣም። ሁለቴ ላግባሽ ብያታለሁ፤ ሁለቴም ስቃ መለሰችኝ። ስለዚህ የማወራው እንደ ጎረቤት ነው፤ ሳንቃው ቀጭን ስለሆነ ግን ከባል ያነሰ አልሰማሁም።

የተወለደችው ከባሕር ማዶ፣ ሰምርኔስ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ተሸጣ መጣች። ሙያውን የተማረችው የፍየል ጠጉር በተለጠፈበት የእንጨት ራስ ላይ ሲሆን፣ ወደ ሰው ራስ ከተሸጋገረች ወዲህ የእንጨቱን ያህል የሚታገሥ ራስ አላገኘችም። ግራ ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ የጌታዋ ሚስት በነሐስ መስታወት ስትመታት የቀረች ናት። ሲጠይቋት ግን «ለመቆንጀት ስጣደፍ በር መታኝ» ትላለች።

አሮጌው ጌታዋ ሲሞቱ በኑዛዜያቸው ነጻ አወጧት። አናታቸው ላይ አንዲት ጠጉር ያልነበረቻቸው ሰው ጠጉር ሠሪዋን ማሰባቸው ከተማውን አስቆ ነበር። ኑዛዜው ግን ስለ ልጇ ስለ ሂላራ ምንም አላለም። ሂላራ የተወለደችው እናቷ ባሪያ ሳለች ነውና እሷም ባሪያ ናት፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ሰውዬው ረስተዋት ይሁን ሳያስቡበት ቀርተው፣ የሚያውቅ የለም። ልጅቷ በአምስት ዓመቷ ከቤቱና ከወይን ቦታው ጋር ለልጃቸው ለእመቤት ሳፊኒያ በውርስ ደረሰች። ኮስሚስ ነጻ ሆና ከዚያ ግቢ ስትወጣ ልጇ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ስለዚያ ቀን ዘፍናም አውርታም አታውቅም።

ሂላራ አደገች፤ እንደ እናቷ ቀጠን ያለች፣ እንደ እናቷ ነገር የምታዋዛ። በየጠዋቱ ለእመቤቷ አትክልት ልትገዛ ስትወጣ እግረ መንገዷን ጠጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። ውስጥ አንዲት በርጩማ አለች፤ ደንበኞች የሚቀመጡባት፣ ቀይ ጨርቅ የለበሰች።

«ግቢና ተቀመጪ» ትላታለች እናቷ።

«እሜቴ ብታየኝስ? ባሪያ ተቀምጦ ጠጉሩን ሲሠራ!»

«ለአፍታ።»

«እማዬ፣ ጎመኑ ይጠወልጋል» ትላለች። ከዚያ እየሳቀች ትሮጣለች። ኮስሚስ ደግሞ በርጩማዋን አቧራ ሳይኖርባት ታራግፋታለች። 

አሁን ስለ ብሩ ልንገራችሁ። የሮሟን እቴጌ በከተማችን በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም። የምናውቃት በዲናር ላይ ነው። ከሮም አዲስ ዲናር ሲመጣ ወንዶቹ ክብደቱን፣ ሴቶቹ ጠጉሩን ያያሉ። ኮስሚስ ሁልጊዜ አንድ አዲስ ዲናር ጉንጯ ውስጥ ትይዛለች፤ ሁለቱም እጆቿ ሥራ ላይ ናቸዋ። ከመጀመሯ በፊት ከአፏ አውጥታ በቀሚሷ ትወለውልና ወደ ብርሃን ታዘነብለዋለች። እንደገና ትጎርሰዋለች። ሥራው ሲጋመስ ታወጣዋለች። እቴጌዋ በቀን አሥር ጊዜ ትጎረስ ነበር ማለት ነው።

ማንበብ አትችልም። በብሩ ጀርባ ላይ የሚቀረጹትን ሴቶች የምታውቃቸው በያዙት ነገር ነው። ሳህን ይዛ የተቀመጠችው ስምምነት ናት፤ ዘንባባ የያዘችው ደስታ፤ ቆብ የያዘችው አርነት። ተከናንባ በቀኝ እጇ መከናነቢያዋን ወደ ፊቷ የምትስበው ደግሞ ጨዋነት ናት፤ ኮስሚስ «ዓይነ አፋሯ» ትላታለች። አርነትን በብር ላይ ያገኘች ቀን ያንን ዲናር ለሰው አትመልስም፤ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትወሽቀዋለች።

ችግሩ ምንድን ነው፣ እቴጌዋ ብሩ ላይ የምትታየው በአንድ ጎኗ ነው። ቀኟን ድፍን አገር ያውቀዋል። ግራዋን ከባሏ በቀር ማን አየው? ሌሎቹ ጠጉር ሠሪዎች በዚህ ይጨነቁ ነበር። ኮስሚስ ግን፣

«ቀኙ የእቴጌዋ ነው፤ ግራው የእኔ ነው» ትላለች።

በግራ በኩል ደስ ያላትን ትሠራለች። ለአንዷ ቀጭን ሹሩባ ትሸጉጥላታለች፣ ለሌላዋ ከጆሮዋ በላይ ጥቅልል ታደርግላታለች። የከተማችን ሴቶች በቀኝ ሲታዩ ሁሉም እቴጌ፣ በግራ ሲታዩ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ነበሩ። 

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ወይኑ ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ እቴጌዋ በበጋው መግቢያ በአፒያ መንገድ በእኛ በኩል አልፋ ወደ ባሕሩ ልትወርድ ነው የሚል ወሬ ደረሰ። የሳፊኒያ ባል ከከተማው ሁለት ሹማምንት አንዱ ነበር፤ ስለዚህ በከተማው መግቢያ ባለው የድንጋይ ቅስት ሥር ከሴቶቹ ሁሉ ፊት የምትቆመው ሳፊኒያ ናት። ኮስሚስን አስጠራቻት። እኔም ወለባ ላስመርጥ ሣጥኔን ተሸክሜ ተከተልኩ። ሳፊኒያ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ስታወራም ስትሰማም ዓይኗ ከመስታወቱ አይነሳም።

«ኮስሚስ፣ እቴጌዋ በዚያ ቀን ስታየኝ መስታወት ያየች እንዲመስላት እፈልጋለሁ» አለች።

«እሞክራለሁ፣ እሜቴ።»

«መሞከር አይደለም። ይህን ካደረግሽልኝ ሂላራን ነጻ አወጣታለሁ። በአማልክት ንግሥት በጁኖ እምላለሁ። ሚዶ ሠሪውም ይስማ።»

ሰማሁ። ሂላራ ከኋላ ማራገቢያ ይዛ ቆማ ነበር፤ ማራገቡን አቆመች። ኮስሚስ ጉንጯ ውስጥ የነበረውን ዲናር ልትውጠው ትንሽ ቀርቷት አሳላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱ ዲናር በአንድ በቅሎ ነጂ እጅ ከሮም ደረሰ። ጠጉሩ ከግንባር ጀምሮ በስሱ ሞገድ ሞገድ ብሎ ወደ ኋላ ሄዶ ማጅራት ላይ በጉንጉን ተሰብስቧል። እስከዚህ ድረስ የቆየ ነገር ነው። ከጉንጉኑ ሥር ግን አንዲት ቀጭን ዘለላ ወርዳ፣ አንገት ላይ ትንሽ ጠመም ብላ፣ አራት ጣት ያህል ተንጠልጥላለች። ጀርባው ላይ ዓይነ አፋሯ አለች።

ኮስሚስ ሳንቃውን በቡጢ ደበደበችው። «ጋቪየስ! ና! ና እይ!»

አየሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔውኑ አንድ ነገር ከንክኖኛል። ዘለላዋ እንደ ሌላው ጠጉር ሞገድ የላትም፣ ጠርዟም ሸካራ ናት። ግን እኔ ማን ነኝ? አጥንት ሞራጅ።

«ተመልከት ይህቺን» አለችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ እንባ ሞልቷል። «ጠጉሯን ሁሉ ሲሰበስቡላት ይህቺን ረሷት። ረስተዋት ደግሞ ከሁሉ ያማረች እሷ ሆነች። የሠራት ሰው ጥበበኛ ነው!»

ስሟ በዚያው «የተረሳችው» ሆነ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ረጅም ጠጉር ዝም ብሎ ቢለቀቅ ወገብ ላይ ይደርሳል፤ ዘለላዋ አራት ጣት ላይ እንድትቆም መቆረጥ አለባት። ኮስሚስ መጀመሪያ የሳፊኒያን ቆረጠች፣ ከምን እንደሆነ እስካሁን ባልነገረችኝ ሙጫ ጠመም አድርጋ አደረቀቻት። ሳፊኒያ መስታወት ከፊት፣ መስታወት ከኋላ አስይዛ አየችና እንደ ልጅ አጨበጨበች። በሳምንቱ ከተማው አበደ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት፣ የሐኪሙ ሚስት፣ የቤተ መቅደሱ ሁለት ካህናት ሚስቶች፣ ሁሉም አስቆረጡ። ስድሳ ሴት! እኔም ዘለላዋ እንዳትወናጨፍ የምትይዝ የጥፍር ታህል ወለባ ሠርቼ «የተረሳችው ማስታወሻ» አልኳት። እንደ ትኩስ ሽምብራ ተቸበቸበች። ጥርጣሬዬንም ከሣጥኑ ሥር ወሸቅኩት። 

እቴጌዋ ልትገባ ሁለት ቀን ሲቀራት አንድ ወታደር ለሚስቱ ሚዶ ገዝቶ ዲናር ሰጠኝ። ያው አዲሱ ዲናር ነው። ያው እቴጌ፣ ያው ጉንጉን። የተረሳችው ግን አድጋለች። አንገቱን አልፋ፣ ትከሻውን ሰንጥቃ፣ ከጎኑ የተጻፈውን ፊደል ለሁለት ከፍላ ጠርዝ ላይ ደርሳለች።

እኔ ስለ ጠጉር አላውቅም፤ ስለ ስንጥቅ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከአጥንት ጋር ስታገል ኖሬያለሁ። ስንጥቅ ከደካማ ቦታ ይጀምርና በተመታ ቁጥር ወደ ጠርዝ ይሄዳል። ሮም ያለው የማተሚያ ብረት ከእቴጌዋ ጉንጉን ሥር ተሰንጥቋል። መዶሻ ባረፈበት ቁጥር ብሩ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና እንደ ክር ብቅ ይላል። እነዚያ ሰነፎች ብረቱን መለወጥ ታክቷቸው እየቀጠቀጡ ነው። እኛም እዚህ እየቆረጥን ነው።

ኮስሚስ ደንበኛ ሸኝታ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ብሩን ሰጠኋት። የራሷን ከጉንጯ አወጣች። ሁለቱን መዳፏ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ አስተያየቻቸው።

«ጠጉር ፊደል ላይ አይበቅልም፣ እታለም» አልኳት።

«ስንጥቅ ናት?»

«ስንጥቅ ናት።»

መጀመሪያ ሳቀች። በርጩማዋ ላይ ወድቃ፣ ሆዷን ይዛ፣ «ስድሳ ሴት! የካህኑ ሚስት ሳትቀር!» እያለች ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቋ ሳይለቃት እንባዋ ወረደ።

«ልጄ» አለች።

ሁለታችንም አሰብነው። እቴጌዋ ስታልፍ የራሷ ማጅራት ንጹሕ፣ የስድሳ ሴት ማጅራት ላይ ግን ስንጥቅ ተንጠልጥሎ ይታያል። ዘለላዋን ወደ ጉንጉኑ እንመልሳት ቢባል አራት ጣት ናት፣ አትደርስም። ይቆረጥ ቢባል ከሥሩ ጉቶ ይቀራል። አጃቢዎቹ ይስቃሉ፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሮም ይደርሳል።

«አትንገሪያት» አልኳት። «እቴጌዋ በሠረገላ ነው የምታልፈው። ማን ያያል?»

«ጠጉር ለማሳየት ወጥተው ማን ያያል?» አለችኝና ብሩን እጇ ላይ ስታገላብጥ ድንገት ቀጥ አለች። ጀርባው ወደ ላይ ሆኗል። ዓይነ አፋሯ ተከናንባ፣ እጇን ወደ መከናነቢያዋ ሰንዝራ ቆማለች።

«ጋቪየስ፣ እኛ እስከዛሬ የብሩን ፊት ብቻ ነው የሠራነው» አለች። «ጀርባም አለው እኮ።»

በዚያው እግሯ ወደ ሳፊኒያ ሄደች። እኔም ፈራሁላት፣ ተከተልኩ። ነገሩን ሳታሽሞነሙን ከነስሙ ነገረቻት፤ ሁለቱን ዲናር አሳየቻት። የሳፊኒያ እጅ በዝግታ ወደ ማጅራቷ ሄደ።

«ሁለት ወር ሙሉ» አለች፤ «ሁለት ወር ሙሉ የብረት ስብራት ተሸክሜ ስኩራራ ነበር?»

«አዎ፣ እሜቴ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔና ሚዶ ሠሪው።»

«ሚዶ ሠሪው አፉን ይይዛል?»

«ስንት ወለባ እንደሸጠ ያስታውሳላ» አለች ኮስሚስ ወደ እኔ ሳትዞር። ጣራ ጣራውን አየሁ።

ከዚያ የብሩን ጀርባ አሳየቻት። ሁሉም ተከናንበው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊታቸው አንሥተው፣ ልክ እንደ ዓይነ አፋሯ ይቁሙ አለቻት። ሳፊኒያ ስታዝ ማንም እምቢ አይልም፤ እቴጌዋም የራሷን ብር ጀርባ በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ታየዋለች። ሐሳቡ እንደጣማት ፊቷ ላይ አየሁ፤ ግን ተቆጥታለች፣ ቁጣዋም የሚያርፍበት ይፈልጋል።

«ይሁን፣ እንከናነባለን» አለች። «ነገር ግን ኮስሚስ፣ እኔ የማልኩት እቴጌዋ ስታየኝ መስታወት ያየች እንዲመስላት ነበር። ለተሸፈነ ራስ አልማልኩም። የልጅሽን ነገር እርሺው።»

ሂላራ በሩ ጥግ ቆማ ሰማች። ኮስሚስ አልለመነችም። እጅ ነሥታ ወጣች። መንገድ ላይ ግን ክንዴን ያዘች፤ ክብደቷን ሁሉ ጣለችብኝ፤ እስከ ቤቷ እንደዚያ ሄድን። በዚያች ሰዓት ሳፊኒያን በራሷ ወለባ ልወጋት ምንም አልቀረኝም ነበር።

በማግስቱ ሂላራ ስድሳውንም ቤት ዞራ የእመቤቷን ትእዛዝ አደረሰች። አንዷም «ለምን?» አላለችም፤ የሹሙ ሚስት ካለች አለች ነው። 

ቀኑ ደረሰ። ሙቀቱ አናት የሚበሳ ነው። ዋሽንት ነፊዎቹ ከጠዋት ጀምሮ እየነፉ ከንፈራቸው አብጧል። እኔ ከሴቶቹ ኋላ አንድ ድንጋይ ላይ ወጣሁ፤ ኮስሚስ ከጎኔ ናት። ከፊታችን ስድሳ የተከናነበ ራስ ተሰልፏል፤ ከሁሉ ፊት በቅስቱ ሥር ሳፊኒያ፣ ከሳፊኒያ ኋላ ጃንጥላ የያዘች ሂላራ። አቧራው ተነሣ፣ ፈረሰኞቹ አለፉ፣ ሠረገላዋ መጣች። መጋረጃው ተገለጠ።

እቴጌዋ ራሷን አልሸፈነችም። ሞገዱ አለ። ጉንጉኑ አለ። ከጉንጉኑ ሥር ግን ንጹሕ አንገት ብቻ።

ይህን ስድሳውም ሴት በአንድ ቅጽበት አዩ። ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ሴት ለጠጉር ዓይን አላት፤ ስድሳ እጅ እኩል ተነሥቶ ስድሳ መከናነቢያ ወደ ፊት ሳበ። ሳብ! ሲሉ ድምፁ ተሰማኝ። እንደዚያ ያለ ጨዋነት በሮም ግዛት ታይቶ አይታወቅም። ኮስሚስ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትንቀጠቀጣለች፤ ስታለቅስ ነው ብዬ ዞር ስል ትስቃለች።

እቴጌዋ ሠረገላውን አስቆመች። ፈገግ ብላ ከአጠገቧ ላለው ሰው አንድ ነገር አለችው። ሰውየው ወርዶ ሳፊኒያ ፊት ቆመና፣ «እመቤታችን በዚህ በጣም ተደስተዋል። ፊትዎን ማየት ይሻሉ» አላት።

የኮስሚስ ሳቅ ቆመ። እምቢ የማይባል ነገር ነው። ሳፊኒያ መከናነቢያዋን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ትከሻዋ መለሰችው። ያቺ ጉደኛ ዘለላ ልትወርድ ነው። በዚህ ጊዜ ሂላራ ጃንጥላዋን ወደ ግራ እጇ አዛወረች፤ ቀኝ እጇን እጥፋቱን የምታስተካክል መስላ ወደ እመቤቷ ማጅራት ሰደደችና በአንዲት ጣቷ ዘለላዋን ከጉንጉኑ ሥር ወሽቃ ያዘቻት። እንደዚያው ይዛ ቆመች።

እቴጌዋ አየች። ራሷን ነቀነቀች። ስለ ከተማው ጠየቀች፣ ስለ ወይኑ ጠየቀች፣ ሳፊኒያ መለሰች። ፀሐይዋ ትጠብሳለች፣ ጃንጥላው ይንገዳገዳል፣ የሂላራ ላብ በአፍንጫዋ ይንጠባጠባል፣ ጣቷ ግን አልተነሣችም። እቴጌዋ ከጣቷ ቀለበት አውልቃ ለሳፊኒያ ሰጠች። መጋረጃው ተዘጋ። ሠረገላው አቧራው ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ሂላራ አልለቀቀችም።

ከሰዓት በኋላ ሳፊኒያ ሁላችንንም አስጠራችን። ቀለበቱን አጥልቃዋለች፤ ዓይኗ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስታወቱ ተነሥቶ ሂላራን እያየ ነው።

«ጣትሽ አልደነዘዘም?»

«ደንዝዟል፣ እሜቴ።»

«ብትለቂው ኖሮ የከተማው መሳቂያ እሆን ነበር።»

«አዎ፣ እሜቴ።»

«ለእናትሽ ያልኩትን ሰምተሻል። ምንም እንደማታገኚ ታውቂ ነበር። ታዲያ ለምን ያዝሽው?»

«የእማዬ ሥራ ነዋ» አለች ሂላራ። «በእማዬ ሥራ ሲሳቅ ማየት አልፈለግሁም።»

ሳፊኒያ ወለሉን አየች፣ ቀለበቱን አዞረች። በመጨረሻ፣ «አባዬ ያኔውኑ ማድረግ ነበረበት። ነገ ባሌ ችሎት ይቀመጣል። ጠዋት ኑ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሄድን። ሹሙ ጥቂት ቃል አጉተመተመ፣ አንድ ሰው ነጻ መውጣቷን ሊያሳይ የሂላራን ራስ በበትር ነካ አደረገ፣ አለቀ። ሂላራ ከተወለደች ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት የተጠበቀው ነገር አንድ እንቁላል እስኪበስል አልፈጀም።

ከችሎቱ ወደ ጠጉር ቤቱ መጣን። ሂላራ ደጃፉ ላይ እንደ ልማዷ ቆመች። እናቷ በርጩማዋን አራገፈች። ልጅቷ በርጩማዋን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ጎመን አልያዝኩም» አለችና ገብታ ተቀመጠች። ኮስሚስ ከጀርባዋ ቆማ ጠጉሯን ፈታችው። እጇ ግን መሥራት እምቢ አላት፤ ዝም ብላ ጠጉሩን ይዛ አለቀሰች፣ እኔም ጎረቤት ነኝና አለቀስኩ።

ኋላ አፍንጫዋን ጠራርጋ ዲናሩን ከጉንጯ አወጣችው።

«እሺ፣ እመቤቴ፣ ምን ዓይነት ይሠራልዎ?»

«የተረሳችውን።»

«ልጄ፣ እሷ እኮ ስንጥቅ ናት።»

«አውቃለሁ። እሷን ነው የምፈልገው።»

ኮስሚስ መቀሱን አነሣች። እኔም ሮጬ ሄጄ ከሁሉ ያማረችውን ወለባ አመጣሁ፤ በሕይወቴ በነጻ የሰጠሁት የመጀመሪያው ዕቃ ነው፣ አሁንም ስታገኘኝ ታሾፍብኛለች።

«በየት በኩል ላውርዳት?» አለች ኮስሚስ ብሩን ወደ ብርሃን አዘንብላ። «እዚህ ላይ በቀኝ ነው።»

ሂላራ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ብሩን ከእናቷ ጣቶች ቀስ ብላ ወሰደችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«በግራ በኩል አድርጊልኝ፣ እማዬ» አለች።